የጀልባዋ ወዝ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጎሐ ጽዮን ላይ ሲደርስ መሬቱ በድንገት ከፊቱ ይከፈትና የዓባይ ሸለቆ ይታየዋል። በጠመዝማዛው መንገድ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ደጀን ሲወጣ የጎጃም ደጋ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ የጤፍና የስንዴ ማሳው፣ የባሕር ዛፉ ጥላ፣ በየመንደሩ የሚያብረቀርቀው የቆርቆሮ ጣራ በግራና በቀኝ ያልፋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሐይቁ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቱን ሲነካው ግን የቀኑን ድካም ሁሉ ይረሳል።

እኛም በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ይህንኑ መንገድ ተጓዝን። የሄድነው ለመንግሥት ሥራ እንጂ ለሽርሽር አልነበረም። ሥራውም በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ተጥለው የሚገኙትን ዕቃዎች እየቈጠሩ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት፣ የማይጠቅመውንም ለሐራጅ ሽያጭ መዝግቦ ማቅረብ ነበር። ይህ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ መዝገብ ይዞ በየዕቃው አንጻር «ያገለግላል» ወይም «አያገለግልም» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ «አያገለግልም» የሚለው ቃል ፍርድ መሆኑን፣ ከተፈረመበትም በኋላ ይግባኝ የሚጠይቅለት ጠበቃ እንደሌለው ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እኛም ያን ጊዜ ልብ አላልነውም ነበር። ያስተማረችን በጣና ዳር ተጥላ ያገኘናት አንዲት ጀልባ ናት።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱን የሚገምት ሰው ይሳሳታል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጧት ጧት ውሃው ጸጥ ብሎ እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል። ስለዚህ የሐይቁ ሰዎች ረጅም መንገድ የሚጀምሩት ማለዳ ነው። በደሴቶቹ ላይ የጥንት ገዳማት ብቻ ሳይሆኑ አራሾች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ተማሪዎችና ሕፃናትም ይኖራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ጀልባ ማለት ለከተማ ሰው መኪና ማለት ነው። መድኃኒትም፣ የትምህርት መጽሐፍም፣ ሐኪምም የሚመጣላቸው በውሃ ላይ ነው።

ጀልባዋን ያገኘናት ስሙን መጥራት በማያስፈልገን በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው። ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ ስምንት ሰው የምትይዝ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። በሁለት ግንዶች ላይ ተጋድማ፣ ያለ ጥላና ያለ ልብስ አራት ዓመት ቆይታለች። ጎኗ በመጀመሪያ ሰማያዊ እንደ ነበረ ከመዝገቡ ካልሆነ በቀር ለማወቅ አይቻልም ነበር፤ ዐመድ የተነሰነሰባት መስላ ነጥታለች። ውሃው ይደርስበት በነበረው ልክ ዙሪያዋን ቢጫ መስመር ይዟታል፤ ከብሎኖቹ ሥር የዝገት እንባ ወርዷል። በውስጧ የዝናብ ውሃና የበሰበሰ ቅጠል አለ። አንዲት ዶሮም በኋላ ወንበሯ ሥር ዕንቁላል ጥላለች።

ለምን ተጣለች ብለን ጠየቅን። ሞተሯ በ2007 ዓ.ም. ተበላሽቶ ወደ ጥገና ተላከ፤ ሞተሩ ተጠግኖ ሲመለስ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ጀልባዋን ወደ ውሃ መልሱ የሚል ደብዳቤ ግን ማንም አልጻፈም። የንብረት ክፍሉ የትራንስፖርት ክፍሉን ጠበቀ፤ የትራንስፖርት ክፍሉም የንብረት ክፍሉን ጠበቀ። በዚህ መካከል ቀድሞ በዚህች ጀልባ ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ ይጓዙ የነበሩት የክትባት ሠራተኞች በግል ጀልባ መሳፈር ጀመሩ። የግሉ ጀልባ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሲጠብቁ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ እየቀለጠባቸው፣ ከመንገድ የተመለሱበት ቀን እንደ ነበረ የግምጃ ቤቱ ሹም በሐዘን ነገረን።

ይህን ሁሉ ሰምተን እንኳ፣ ጀልባዋን አንድ ጊዜ ዞረን ካየን በኋላ፣ በመዝገባችን ላይ «አያገለግልም» ብለን ጻፍን። በጣታችን ብንነካት እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ዱቄት ስለ ያዘን ነገሯ ያለቀ መሰለን።

የግቢው ዘበኛ ከኋላችን ቆሞ ይመለከት ነበር። «ጌታዬ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ» አለና አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቶ በጎኗ ላይ ደፋው። ውሃው በፈሰሰበት ስፍራ ሁሉ የጥንቱ ሰማያዊ ቀለም ጥልቅና ደማቅ ሆኖ ብቅ አለ። እኛም ተገርመን ዝም አልን። ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፀሐይ ውሃውን ስታደርቀው ቀለሙ ተመልሶ በዱቄቱ ውስጥ ተሰወረ። ዘበኛው «በዝናብ ቀን እንዲህ ሆና ነው የምትውል። ክረምት ክረምት ቆንጆ ናት» አለን።

በማግስቱ ለቱሪስቶች ጀልባ በመጠገን የሚተዳደር አንድ ባለሙያ ይዘን መጣን። ባለሙያው በመጀመሪያ ስለ ማሳመር አንዲት ቃል አልተናገረም። ከኪሱ አንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ ከፊት እስከ ኋላ ገላዋን እያንኳኳ አዳመጠ። ጤነኛ ገላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀ ወይም ውሃ የጠጣ ገላ ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ሞተር የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ በሁለት እጁ ነቀነቀው፤ ወለሉን በእግሩ ረገጠ፤ ስንጥቅ ፈለገ። ከዚህ በኋላ ቀና ብሎ «ቆዳዋ ታሟል እንጂ አጥንቷ ደኅና ነው። ወዟም ይመለሳል» አለ።

አማርኛን ከአፍ መፍቻችን ከትግርኛ ቀጥለን በትምህርት ቤት የተማርን እንደ መሆናችን፣ አንዳንድ ቃል ባልጠበቅነው ስፍራ ስንሰማ ቆም ብለን እናስባለን። «ወዝ» የሰው ፊት ጤናና ምቾት ሲያገኝ የሚያሳየው ለስላሳ ድምቀት ነው። ከላይ በተቀባ ቅባት የሚመጣው ብልጭታ ወዝ አይባልም፤ ወዝ ከውስጥ የሚወጣ ነው። ደግሞም «ወዝ» ላብ ማለት ነው፤ በጉልበቱ የሚያድረውን ሰው ወዝ አደር የሚሉት ስለዚህ ነው። አንድ ቃል ለድምቀትም ለላብም መሆኑ ያን ዕለት እንደ ጨዋታ ነገር ታየን፤ በሳምንቱ ግን ትርጉሙ በክንዳችን ገባን።

ባለሙያው ነገሩን እንዲህ አስረዳን። የፋይበርግላስ ጀልባ የሚሠራው እንደ ጨርቅ ከተዘረጋ የብርጭቆ ክርና ክሩን አጣብቆ ከሚያደርቅ ሙጫ ነው። በውጭ በኩል የሚታየው ለስላሳ ቀለም ግን ጄልኮት የሚባል ሌላ ቆዳ ነው፤ ውፍረቱም የአንድ ሚሊ ሜትር ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ፀሐይና አየር ዓመታት ሲፈራረቁበት የላዩ ሙጫ ይሞታል፤ ቀለሙም ተለቆ ዱቄት ይሆናል። እንደ ጣና ባለ ከፍ ያለ ስፍራ የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ስለሚበረታ ጥፋቱ ይፈጥናል። ገጹ በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ሲሸካከር ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፤ ጀልባዋም የነጣች ትመስላለች። ውሃ ሲፈስበት ጉድጓዶቹ ስለሚሞሉ ቀለሙ ለጊዜው ይመለሳል። የዘበኛው ባልዲ ያሳየን ይህንኑ ነበር፤ ቀለሙ አልጠፋም፣ የሞተው የላዩ ቆዳ ሸፍኖታል።

እንግዲህ በመዝገባችን ላይ የጻፍነው በእርሳስ ነበርና ፍቀን በስፍራው የጥያቄ ምልክት አደረግን። ለስምንት ቀን ሥራ ፈቃድ ብንጠይቅ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ሊሸጥ ለተቃረበ ዕቃ የሚወጣ በጀት የለም» አሉን፤ ግን አልከለከሉንም። የግምጃ ቤቱ ሹም ሳሙና፣ ባልዲና አሮጌ ሸራ በሞዴል 22 አወጣልን። የብርጭቆ ወረቀቱንና ሰሙን ከየኪሳችን አዋጥተን ገዛን። ባለሙያው፣ ዘበኛው፣ ሾፌራችንና እኛ ሆነን ጀልባዋን በተሽከርካሪ አስጎትተን ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አስገባናት፤ ይህ ሥራ በፀሐይ ላይ አይሠራምና። ዶሮዋንም ከነዕንቁላሎቿ ወደ ሌላ ሥፍራ አዛወርናት።

የመጀመሪያው ቀን የመታጠቢያ ቀን ነበር። የዘበኛው ባለቤት እንዶድ ወቅጠው ሊሰጡን ፈለጉ፤ በእርግጥም እንዶድ ልብስን እንደ ሳሙና ያነጣል። ይህን የሰሙ በአጠገባችን ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ግን «ተዉ ልጆቼ፣ እንዶዱ ወደ ሐይቁ ከወረደ ዓሣውን ትፈጁታላችሁ» ብለው ከለከሉን። የሽማግሌው ቃል እውነት መሆኑን ወዲያው አስታወስን። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያረጋገጡት። ያው እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው። ስለዚህ በለስላሳ ሳሙና ብቻ አጠብን። ከሥሯም ሸራ ዘርግተን የሚወርደውን እጣቢ ሁሉ ሰብስበን ከዳርቻው ርቆ በተቈፈረ ጉድጓድ ደፋነው። በሚቀጥሉት ቀናት እንደ ሰማያዊ ወተት ሆኖ የሚፈሰውን የፍቅፋቂ ውሃም እንዲሁ አደረግን። አንዲት ጀልባ ለማሳመር ሐይቅ ማቆሸሽ አይገባም።

በሁለተኛው ቀን ቢጫውን መስመርና የዝገቱን እንባ አስለቀቅን። ለዚህ የሚሆነው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ በጨርቅ እየቀቡ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ዝገቱ ያለ ምንም ፍትጊያ ሲለቅ ያየ ሾፌራችን «ሁሉም እንዲህ ቢሆን ዛሬ እንጨርስ ነበር» አለ። ባለሙያው ሳቅ ብሎ ዝም አለ።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን የወዝ ቀን ሆነ፤ በላብነቱ ማለታችን ነው። የብርጭቆ ወረቀት ቊጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ ይደቃል። በ800 ተጀምሮ፣ ወደ 1000፣ ከዚያ ወደ 1500፣ በመጨረሻም ወደ 2000 ይታለፋል። ወረቀቱም ገላዋም ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለባቸው። ይህ ዱቄቱ ወደ ሳንባ እንዳይገባም ይረዳል፤ ሆኖም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን እንሠራ ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት የፊተኛውን ጭረት ያጠፋል እንጂ አዲስ ድምቀት አይጨምርም፤ አንዱን የዘለለ ሰው ጭረቱን በመጨረሻ ፀሐይ ላይ ያገኘዋል። ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ እየከፈልን፣ አንዱን ክፍል ሳንጨርስ ወደ ሌላው ሳንሄድ፣ ከጧት እስከ አራት ሰዓት፣ ከዚያም ከዐሥር ሰዓት እስኪመሽ ፈገፈግን። በመካከሉ ባለው ሙቀት ከዋርካው ሥር ዐርፈን የተጠበሰ ቀረሶ እንበላ ነበር።

በአራተኛው ቀን የደረሰውን ጥፋት ግን ሳንሸሽግ መናገር አለብን፤ ያጠፋነው እኛ ነንና። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ የናስ መቅረዝ በዐመድና በሎሚ እንወለውል ነበር። ብዙ የወለወለ ይመሰገናል፤ ናስ እስከ ውስጡ ናስ ነውና ቢፈትጉት አያልቅም። ይህን ልማድ ይዘን በጀልባዋ አፍንጫ ጠርዝ ላይ አንዲት ግትር ጠባሳ ለማጥፋት ጉልበታችንን ሁሉ አፈሰስን። ባለሙያው «ጠርዝ ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ እጅዎን ያቅልሉ» ብሎ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። እኛ ግን ቀለሙ እየጠራ ሲመጣ ደስ ብሎን ቀጠልን። ድንገት ከእጃችን ሥር መዳፍ የሚያህል ጠቆር ያለ ስፍራ ታየ፤ በውስጡም የብርጭቆው ክር እንደ ሸማ ድርና ማግ ተቈጥሮ ይታያል። ጄልኮቱን ፈጽመን በልተነው ነበር። «እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት በላያችን ተፈጸመ።

ባለሙያው አልተቈጣም። ስፍራውን አደረቀው፤ ማድረቂያ የተጨመረበት አዲስ ጄልኮት ቀባው፤ በአየር ላይ ገጹ አጥብቆ ስለማይደርቅ በላስቲክ ሸፈነው። በማግስቱ ከቀሪው ገላ ጋር አስተካክሎ ፈገፈገው። ቀለሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመሳሰለም፤ አዲሱ ሰማያዊ ከአሮጌው ጥቂት ይደምቃል። «ይህቺ ትቅር፤ የሚቀጥለውን ሰው ታስተምራለች» አለን። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለጀልባዋ ዕድሜ ሙሉ የተሰጠ ሀብት መሆኑን፣ በየጊዜው የሚፈተገው ቆዳ ተመልሶ እንደማይበቅል፣ ስለዚህ ትልቁ ብልሃት ፍትጊያ እንዳያስፈልጋት መጠበቅ መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ታንኳ የሚሠሩት ሽማግሌ በየቀኑ ማታ ማታ ሥራችንን ሊያዩ ይመጡ ነበር። የጣና ታንኳ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ታስሮ የሚሠራ ነው። በዚህ ጥበብ የታወቁት በዳርቻው የሚኖሩት የወይጦ ሰዎች ናቸው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተባለችው መርከብ የተሠራችው ከጣና በተቈረጠ ደንገል ነው። ታንኳ ግን ዕድሜዋ የወራት ነገር ነው፤ ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች፣ ኋላም ትበሰብሳለች። እኛም «አባባ፣ የእርስዎ ታንኳ በጥቂት ወር ያልቃል፤ ይህቺ ግን ሰላሳ ዓመት ትቆያለች፤ ለምን ታንኳዎ ተከብሮ እርሷ ተጣለች?» ብለን ጠየቅናቸው።

ሽማግሌው ጥቂት አስበው እንዲህ አሉን፦ «ታንኳ ሟች መሆኗን እናውቃለን። ስለዚህ ከውሃ ስንወጣ ተሸክመናት እንወጣለን፤ ፀሐይ ላይ እናቆማታለን፤ እስሯ ሲላላ እናጠብቃለን። ፀሐይ ለታንኳ መድኃኒቷ ናት፤ የእናንተን ግን የበላቻት ፀሐይ ናት። እናንተ አትሞትም አሏችሁ፤ አትሞትም ብላችሁ ጣላችኋት።»

ይህን ቃል በማስታወሻችን ላይ ጻፍነው። በየግቢው የቈጠርናቸው ማሽኖች፣ መኪናዎችና ጠረጴዛዎች ሁሉ በዓይናችን መጡ። ከእነርሱ ስንቱ በሥራ ብዛት አለቀ? ስንቱስ ጠንካራ ነው ተብሎ ስለ ታመነበት ብቻ ተጣለ?

በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን ከአንድ የመኪና ቀለም ቀቢ የተዋስነውን የመወልወያ መኪና ተጠቀምን። በመጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ ለስላሳውን የመወልወያ ቅባት በትንሽ በትንሹ እየቀቡ በቀስታ ማዞር ነው። መኪናው በአንድ ስፍራ ከቆመ ሙቀቱ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ እጅ ሁልጊዜ መንቀሳቀስ አለበት። እኛ ከጥፋታችን በኋላ መኪናውን መንካት ፈርተን ነበር። ባለሙያው ግን «ያጠፋ ሰው ነው የሚጠነቀቅ» ብሎ በእጃችን ሰጠን። ሰማያዊው ቀለም ከቀትር በፊት እንደሚታየው የሐይቁ ሰማያዊ ጥልቅ ሆኖ ተመለሰ። የዋርካው ቅርንጫፎች በጎኗ ላይ ይታዩ ጀመር፤ ዘበኛውም በእርሷ ላይ ፊቱን እያየ ጢሙን ላጨ።

በስምንተኛው ቀን ሰም ቀባናት። ሰሙ ወዝ አይሰጥም፤ የተመለሰውን ወዝ ከፀሐይ ይጠብቃል እንጂ። በስሱ ተቀብቶ ጥቂት ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ባለሙያው ይህ ብቻ በየስድስት ወሩ ቢደገም፣ ስትቆምም በሸራ ብትሸፈን፣ የብርጭቆ ወረቀት ለብዙ ዓመት እንደማያስፈልጋት ነገረን። ስምንት ቀን የፈጀው ድካም በዓመት ሁለት ግማሽ ቀን ባለመሠራቱ የመጣ መሆኑን ስናሰላ አፈርን።

በማግስቱ ማለዳ ሞተሩ ታስሮላት ወደ ውሃ ወረደች። ከእኛ ጋር አንዲት ነርስ የክትባት ሣጥናቸውን ይዘው ተሳፈሩ፤ ጉዞውም ወደ ዘጌ ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ይብራዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ የደንገል ታንኳዎች ከርቀት እንደ ተንሳፈፈ ቅጠል ይታያሉ። ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ የዘጌ ደን ከውሃው ዳር ጀምሮ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተነሣ። በዘጌ ከጥንት ጀምሮ ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዐት ተከልክሎ ስለ ኖረ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በደኑም ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ በሥዕል ያሸበረቁ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የሚጠበቅ ነገር ስንት ዘመን እንደሚቆይ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ይሂድ።

ወደቡ ላይ ሕፃናት ያዘሉ እናቶች ቆመው ይጠብቁ ነበር። ነርሷ ሣጥናቸውን ከፍተው ካዩ በኋላ «በረዶው ገና አልቀለጠም» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኛም ስለ ጀልባዋ ማማር ከሰማነው ምስጋና ሁሉ ይልቅ ይህቺ አጭር ቃል ደስ አሰኘችን። የጀልባዋ ወዝ ለዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ስምንት ቀን ባላስፈለገው ነበር። የነጣች ጀልባ ግን የሞተች ትመስላለች፤ የሞተች የምትመስለውን ማንም ሞተር አያስርላትም፤ ሞተር የሌላትም በረዶው ሳይቀልጥ አታደርስም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰን መዝገባችንን ከፈትን። የጥያቄ ምልክቱን ፍቀን በቀለም «ታገለግላለች» ብለን ጻፍን። በአስተያየት ዐምድም «በየስድስት ወሩ ሰም ትቀባ፤ በሸራ ትሸፈን፤ ኀላፊነቱ በስም ለተመደበ አንድ ሠራተኛ ይሰጥ» የሚል አከልን። ሦስተኛው ነጥብ ከሁለቱ ይልቅ እንደሚበልጥ እናምን ነበር፤ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም እንደማይሆን ጀልባዋ ራሷ ምስክር ናትና።

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ለሌላ ሥራ ወደ ባሕር ዳር በተመለስን ጊዜ ልናያት ሄድን። ኀላፊነቱ የተሰጠው ለዘበኛው ነበር። ሸራዋን በግራ በኩል ነፋስ ቀዶት ስለ ነበር በዚያ ጎኗ ወዟ ትንሽ ደብዝዟል፤ በቀኝ ግን እንደ ተውናት ናት። ዘበኛው አንድ የሰም ቆርቆሮና የተቀደደ ነጠላ ይዞ የግራውን ጎን ይወለውል ነበር። ሲያየን ወደ አፍንጫዋ ጠርዝ ወሰደንና ቀለሙ ያልተመሳሰለውን ስፍራ በጣቱ እያሳየ «ይህ የእርስዎ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው» አለን። እኛም እጅጌያችንን ሰብስበን አንድ ጨርቅ ስጠን አልነው።